ፊደሏ ጠፋችብኝ

ሰው የሚወጣለትን ቅጽል ስም አይመርጥም። የዚህን የመኪና ኤሌክትሪሺያን ስም ያወጣችለት አንዲት ጥያቄ ናት። የታመመ መኪና ይዞ የመጣ ሰው ብሶቱን አውጥቶ ሳይጨርስ «ሁልጊዜ ነው አንዳንዴ?» ይለዋል። ይህቺ ሳትመለስለት ኮፈን አይከፍትም፣ ቴስተሩንም አያነሣም። በዚያው «አንዳንዴ» ተብሎ ቀረ። ስልክ ተደውሎ «አንዳንዴ አለ?» ሲባል «ሁልጊዜ አለ» ብሎ መመለስ የጋራዡ የቆየ ቀልድ ነው።

ጥያቄዋ ግን ቀልድ አይደለችም። የተበላ ብረት ሁልጊዜም የተበላ ነው፤ ጠዋት የሚያሰማውን ድምፅ ከሰዓትም ያሰማል። ሽቦ ግን አመለኛ ነው። ሲሞቀው ይለቃል፣ ሲቀዘቅዝ ይይዛል፣ ባለሙያ ፊት ሲቀርብ ደግሞ ጨዋ ይሆናል። ማርሽ በራሱ በሚቀይር አውቶማቲክ ካምቢዮ ላይ ይህን ያልለየ መካኒክ፣ የአንዲት ሽቦን ጥፋት ፍለጋ ካምቢዮውን አውርዶ ብሎን በብሎን ይበትነዋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ለመበተንማ ከጎኑ ሰው አለ። የጋራዡን ግማሽ የያዘው መካኒክ የሚስቱ ወንድም ነው፤ «መዶሻ» ይሉታል፤ እሱም ስሙን ያገኘው በላቡ ነው። ሁለቱ ቀኑን ሙሉ ሲነቋቆሩ ውለው ምሳቸውን ግን ጎን ለጎን ተቀምጠው ይበላሉ። በቅርቡ የገባችው ትንሽ መኪና ናት የሁለቱንም አፍ የዘጋችው። ባለቤቷ የመዶሻ አባት፣ ለኤሌክትሪሺያኑ ደግሞ አማቱ ናቸው።

ሽማግሌው ዕድሜያቸውን የፈጁት በከባድ መኪና መሪ ላይ ነው። ጡረታ ሲወጡ ይህቺን አውቶማቲክ ገዙ፤ ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ከቤት የምታወጣቸው እሷ ብቻ ናት። አንድ ቀን የትራፊክ መብራት ላይ ቆመው ሳሉ አረንጓዴ በራ፤ መኪናዋ ግን አልሄድም አለች። ነዳጅ ሰጧት፤ ሞተሩ ጮኸ እንጂ ንቅንቅ አላለችም። ከዚያ ድንገት ዘልላ ከፊት ያለውን መኪና ኋላ ገጨች። ሰው አልተጎዳም፤ የተሰበረው መብራት ብቻ ነው። ልጃቸው፣ ማለትም የኤሌክትሪሺያኑ ሚስት፣ ከወንድሟ ጋር ደርሳ «ምን ሆነህ ነው አባዬ?» ብትላቸው «እንጃ ልጄ፣ ፊደሏ ጠፋችብኝ» አሏት።

ይህቺ ቃል ጉድ ሠራች። ፊደሏ የተባለችው ዳሽቦርዱ ላይ ማርሹ የት እንዳለ የምታሳየው መብራት ናት፤ ሲነዱ «ዲ»፣ ማርሹን ነፃ አድርገው ሲያሳርፉ «ኤን» ትላለች። ልጃቸው የገባት፣ አባቷ አፍንጫቸው ሥር ያለች ፊደል ማየት እንደተሳናቸው ነው። ቤት ሲደርሱም ቁልፉን ተቀብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ሽማግሌው ቤት ሲጠብቅ ወደነበረው አማቻቸው ዞር ብለው አዩት፤ እሱ ጫማውን አየ። ሆድ ባሳቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለመንዳት የሚለብሷትን ጃኬት ለብሰው በራፋቸው ላይ ተቀምጠው ይውሉ ጀመር።

መዶሻ መኪናዋን ጋራዥ አመጣት። የካምቢዮውን ዘይት አየ፣ ሰፈሩን ዞረባት፣ ዳገት አወጣት። እንከን አጣባት።

«ካምቢዮዋ ጤነኛ ናት። ያረጀው የአባዬ እግር ነው» አለ።

ኤሌክትሪሺያኑ ኮምፒውተሩን ሰካ። አንድም የተመዘገበ ጥፋት የለም። ያለ ልክ ንጹሕ ሆነበትና ቀና አለ። «ባትሪውን ነክተሃል እንዴ?»

«ያን ዕለት እዚያው ነዋ። ከግጭቱ በኋላ ከብዳ አልሄድ ስትለኝ ነቅዬ መልሼ ሰካሁት፣ ደህና ሆነች።»

«ምስክሩን ገድለህ ነዋ ዳኛ የሆንከው።»

ባትሪው ሲነቀል የዚህች መኪና ኮምፒውተር የያዘውን ሁሉ እንደሚረሳ መዶሻም ያውቃል።

ማምሻውን የኤሌክትሪሺያኑ ሚስት ሳህን እያጠበች፣ ጀርባዋን እንደሰጠችው፣ «እውነቱን ልንገርህ፣ ምንም ባታገኝ ደስ ይለኛል» አለችው። «ብልሽት አገኘሁ ካልከኝ ቁልፉን ልመልስለት ነው። ሰው ገጭቶ ከማየው አኩርፎኝ ቢኖር ይሻለኛል።»

«ማየት የሚያቅታቸው ሁልጊዜ ነው አንዳንዴ?»

«ደሞ ጀመርክ።» ሳህኑን አስቀመጠች። «እንጃ። ጋዜጣውንስ ያነባል።»

በማግሥቱ ባልና ሚስቱ ሽማግሌውን መኪናዋ መሪ ላይ አስቀመጧቸው። ኤሌክትሪሺያኑ ኮምፒውተሩን ጭኑ ላይ ይዞ ከጎናቸው ተቀመጠ፤ ሚስቱ ከኋላ፣ ቦርሳዋን ታቅፋ። «አባባ፣ እንደ ልማድዎ ይንዱ፤ እኔ የለሁም ብለው» አላቸው። እሳቸውም መስታወታቸውን አስተካክለው፣ እንደ ድሮው በርጋታ ወጡ።

የመጀመሪያው መብራት ላይ ሲቆሙ እጃቸው ሳያስቡት ሄዶ ማርሹን ወደ «ኤን» መለሰው።

«ለምንድን ነው እሱን የሚያደርጉት?»

«ላሳርፈው ነዋ። በእኛ ጊዜ ማርሽ አስገብቶ የሚቆም ሹፌር፣ ሹፌር አይባልም።»

ኤሌክትሪሺያኑ ወደ ሚስቱ ዞረ። እሷ ስትነዳ ፍሬን ይዛ ትቆማለች እንጂ ማርሹን አትነካም፤ መዶሻም እንደዚያው። ይህቺን መኪና የሚያሳርፏት ሽማግሌው ብቻ ናቸው።

አንዱን መብራት አለፉ፣ ሌላውንም፤ ምንም የለም። ከኋላ የቦርሳ ዚፕ ሲከፈትና ሲዘጋ ይሰማል። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ ገበያው ጥግ ባለው መብራት ቆሙ። አረንጓዴው በራ፤ ማርሹን ወደ «ዲ» ሳቡት። መኪናዋ ዝም። ሽማግሌው በዚህ ጊዜ ነዳጅ አልነኩም፤ ፍሬናቸውን እንደያዙ በአገጫቸው ወደ ዳሽቦርዱ አመለከቱ።

«ይኸው። ፊደሏ ጠፋችብኝ።»

ልጃቸው በሁለቱ ወንበሮች መሐል አንገቷን አስግጋ ፈለገች። ፍጥነቱ ይታያል፣ ነዳጁ ይታያል፤ የፊደሏ ቦታ ግን ጨለማ ነው። ከኋላ መኪኖች ጡሩምባቸውን ያቀልጡታል።

«ጠፍታለች እኮ!» አለች።

«መጥፋቷንማ ነገርኩሽ።»

ባትሪውን ማንም እንዳይነካ ተባለና፣ በአንድ ማርሽ ብቻ እያዘገመች ጋራዥ ደረሰች። አሁን ኮምፒውተሩ ተናገረ፤ የማርሹን ቦታ የሚያሳውቀው ስዊች ላይ ጥፋት መዝግቧል። ኤሌክትሪሺያኑ ከሥር ገብቶ፣ ሚስቱ ማርሹን ከ«ኤን» ወደ «ዲ» እያመላለሰች፣ የስዊቹን ሽቦዎች በቴስተር ለካ። አንዳንዴ ይይዛል፣ አንዳንዴ ይለቃል። ስዊቹ ሲለቅ ካምቢዮው ምን እንደታዘዘ አያውቅምና ዝም ይላል፤ መልሶ ሲይዝ፣ ነዳጅ እየተሰጠ ከሆነ፣ ይዘላል። ውስጡ የተበላው ደግሞ ሽማግሌው በየመብራቱ ሲያሳርፏት ማርሹ የሚመላለስባት ቦታ ላይ ነው። መዶሻ ለመፍታት በመጠራቱ ደስ ብሎት የብሎን መፍቻውን ይዞ ገባ፤ አሮጌው ወጥቶ አዲስ ተገጠመ።

ኤሌክትሪሺያኑ እጁን ሲጠርግ ደስታው ሙሉ አልነበረም። የማያውቀውን ሰው ሁሉ ሲጠይቅ የኖረ ሰው፣ የገዛ አማቱን «የጠፋው መብራቷ ነው ወይስ ዓይንዎ?» ብሎ አንዲት ቃል አልጠየቀም። ጫማውን ነው ያየው። አፈረ።

ሚስቱ ቁልፉን በሁለት እጇ ይዛ አባቷ ፊት ቆመች። ይቅርታ ለማለት ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ እንባዋ ቀደማት። ሽማግሌው ወዲያው አልተቀበሏትም።

«ስሚ» አሏት። «ፊደሏ በርታ ሳለች የምትጠፋብኝ ቀን ይመጣል፤ ሩቅም አይደለም። የዚያን ዕለት ቁልፉን እኔው አመጣልሻለሁ። ያን ጊዜ ግን 'ጠፋችብኝ' ስልሽ፣ የቱ እንደጠፋ መጀመሪያ ጠይቂኝ።»

«እጠይቅሃለሁ አባዬ።»

ቁልፉን ተቀብለው መኪናዋ ውስጥ ገቡ። ኤሌክትሪሺያኑ በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ ከእንግዲህ በየመብራቱ እንዳያሳርፏት ለመናቸው፤ «እሺ ልጄ» አሉት። የጋራዡ በር ላይ አንድ የጭነት መኪና እስኪያልፍ ቆሙ፤ እጃቸው ሄዶ ማርሹን ወደ «ኤን» መለሰው።

«አሁን እሺ አላሉም?» አለ መዶሻ።

«ተዋቸው» አለ ኤሌክትሪሺያኑ። «አንዳንዴ ነው።»