የበር አራት ጥላ

ከፈለኝ ይሉኝታ የሚያጠቃው ሰው ነበር። ይሉኝታ ደግ ነገር ነው ይባላል፤ እርሱ ላይ ግን ከልክ አልፎ በሽታ ሆኖበት ነበር። ኩባንያ በኮንትራት ዐረብ አገር አስመጥቶት ዐቅረቢያ በሚባል ሰፈር ከሚስቱ ከሊያ ጋር ይኖራል። ሥራው በከተማው ኤርፖርት ለሚያርፉ አውሮፕላኖች በር መደልደል ነው። ለአዳራሹ ቅርብ የሆኑት በሮች አራት ብቻ ናቸው፤ አየር መንገዶቹም እንደ ሥራ መውጫ ሰዓት ታክሲ ይሻሙባቸዋል። በር ያገኘ መንገደኞቹን በጥላ ሥር ጥቂት አራምዶ ያሳፍራል፤ ያጣ በአውቶቡስ እስከ ሜዳው ጫፍ ያጓጉዛል። ደንቡ አንድ ነው፤ ቀድሞ ያረፈ ይወስዳል።

በነሐሴ 1988 ዓ.ም. ቀመር ኹሩጅ፣ የመውጫ ቪዛ፣ ተመታላት፤ ወደ አገሯ ልትገባ ነው። ቀመር የወሎ ሴት ናት። ዳማም፣ አል ነኺል ሰፈር ውስጥ ሰባት ዓመት የሰው ቤት ስትሠራ እግሯ አብጦ ቀርቷል። ሊያ በወለደች ጊዜ ማዳሟን እየለመነች፣ ዐርብ ዐርብ ከዳማም እየመጣች ያራሰቻት እርሷ ነበረች። ስለዚህ ሊያ ባሏን ቀድማ ያዘችው።

"እግሯ ያን ፀሐይ አይችልም። አንድ በር መቼም አያቅትህ።"

"ምን ችግር አለው? በጥላ ትገባለች" አለ ከፈለኝ፣ ደረቱን ነፍቶ።

ቀኑ ደረሰ። እኩለ ቀን ላይ ቀመርን ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው የኪራይ አውሮፕላን ሃያ ደቂቃ ቀድሞ አረፈ። ባዶ የነበረው በር ቁጥር አራት ብቻ ነው፤ በደንቡም የእርሱ ነው። ከፈለኝ ሰሌዳው ላይ ሊጽፍ ሲል ስልክ ተደወለ። ቀጥሎ የሚያርፈው የአንድ የአውሮፓ አየር መንገድ ኃላፊ ነበር። ሰውዬው አልተቆጣም፤ እየሳቀ፣ "በሩን ለአገርህ ሰዎች እንደምትሰጥ እናውቃለን" ብሎ ዘጋው።

ይቺ በቃችው። ለወገኑ አደላ ሊባል ነው! አውሮፕላኑ የሌላ አገር ቢሆን ኖሮ ዓይኑን ሳያሽ በሩን ይሰጠው ነበር። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ማለት ይኸው ነው። በር አራትን ለአውሮፓው ጻፈና የአገሩን ልጆች ሜዳው ጫፍ ላካቸው።

አለቃው ፈሀድ ሰሌዳውን አይቶ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። "ኸላስ፣ አለቀ፤ አሁን ማንም አያማህም። ቀጥ ያልክ ሰው ነህ" አለው። ከፈለኝ አፈረ፤ ስልኩ ሲዘጋ ማፈር ሲገባው አሁን አፈረ።

የአውሮፕላኑ መሰላል በመዘግየቱ አውቶቡሱ ፀሐይ ላይ አርባ ደቂቃ ቆመ። ከፈለኝ ቢሮ መቀመጥ አልቻለም። ያገኘውን ውሃ ሁሉ ታቅፎ ሄደ። የአውቶቡሱ ማቀዝቀዣ አይሠራም። ቀመር ወለሉ ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች፤ ሴቶች በሻሻቸው ያራግቡላታል። ፊቷ አመድ መስሏል።

እውነቱን ሊነግራት ነበር የመጣው። "እትዬ ቀመር፣ በሩን..." ብሎ ጀመረ።

"ተው አትጨነቅ" አለችው፣ ቃሉን ከአፉ ነጥቃ። "በሰው አገር ማን ይሰማሃል? አንተማ የቻልከውን አድርገሃል፣ ዐውቃለሁ።" ወደ ሴቶቹም ዞራ፣ "የሊያ ባል ነው። ለኛ ሲል ስንቱን ተከራክሮ ይሆን" አለቻቸው።

ሴቶቹ ውሃውን እየተቀበሉ፣ "አላህ ይስጥህ፣ አላህ ልጅህን ያሳድግልህ" ብለው መረቁት። ከፈለኝ አንገቱን ደፍቶ አሜን አለ። አሜን ለማለት ደፈረ!

ቤቱ ሲደርስ ሊያ ሕፃኑን አቅፋ በሩን ከፈተችለት።

"በጥላ ገባች?"

"ገባች" አላት፣ ጫማውን ሊያወልቅ ጎንበስ ብሎ።

"ተመስገን" አለች ሊያ። "ውለታዋን መለስንላት።"

ከፈለኝ ጫማውን ማውለቅ ትቶ እንዳጎነበሰ ቀረ።