የሆቴሉ ፈጣን ዋይፋይ

አስተማሪ ነኝ። ባለቤቴ ወዳለበት ጅማ ለመዛወር በኢንተርኔት የምልከው ማመልከቻ መቀበያ ጊዜው ስድስት ሰዓት ላይ ሊያበቃ ነበር። በማስተምርባት በኢሉባቦሯ ቡሬ ኔትወርክ ስለጠፋ መቱ መጥቼ፣ በሩ ላይ «ፈጣን ዋይፋይ አለን» ብሎ የለጠፈ ሆቴል ገባሁ። ሥራ አስኪያጁ፣ ክራቫት አንቆ የያዘው ጎረምሳ፣ የይለፍ ቃሉን እንደ መንግሥት ምሥጢር በጆሮዬ ሹክ አለኝ። ሦስት ጊዜ ጻፍኩት፤ ሦስቴም እንቢ አለ።

«እትዬ፣ ስልክዎ አርጅቷል» አለኝ በንቀት። ተቀብሎኝ ራሱ ሲነካካው ተገናኘ። የማመልከቻው ገጽ ግን ነጭ እንደሆነ ስድስት ሰዓት አለፈ።

«ምንም አይከፍትም እኮ!» ብዬ ጮህኩበት።

«ኢንተርኔቱማ ከተቋረጠ ሦስት ወሩ ነው» አለኝ ፈገግ ብሎ። «ዋይፋዩ ግን እንደሚሠራ በዓይንዎ አዩት አይደል?»