ኩራዙን ያጠፋው ሽማግሌ ሽጉጥ

ልጅ ሳለሁ ተረት የሚወጣው ከሽጉጥ አፍ ይመስለኝ ነበር። የላሊበላው ጎረቤታችን አያ ደምሴ መጽሐፍ ደጓሽ ነበሩ፤ ዳዊት በቆዳ ሲለብዱ ይውሉና አመሻሽ ላይ ኩራዛቸውን ለኩሰው፣ ፍሙ አጠገብ ቁጭ ብለው፣ ከሣጥን ሦስት አሮጌ የአየር ሽጉጦች ያወጣሉ። ባሩድ የሚባል አያውቁም፤ ጥይታቸው ምስር የምታክል እርሳስ ናት፣ የሚገፋትም በጥምዝ ሽቦ፣ በሞላ፣ የታመቀ አየር ነው። «ዛሬ የትኛው ያውራ?» ሲሉን እኛ የሰፈሩ ልጆች የምንጮኸው ጩኸት ተራራው አናት ያለችው አሸተን ማርያም ድረስ ሳይሰማ አይቀርም።

ሁሉም የየራሱ ተረት ነበረው። ከጋሸና ሹፌር የገዙት ጥቁሩ ሽጉጥ ጅብ አስነጥሷል። ቀጭኑ ደግሞ የሙሽራ ጥላ መትቶ ሠርግ አስቁሟል። እኔ የምሞትለት ግን «ሽማግሌው» ነበር፤ እጀታው እንጨት፣ ብረቱ ላይ ሐረግ የተቀረጸበት፣ አንድ ፈረንጅ በቆዳ ቦርሳ የለወጣቸው። ያኔ አያ ደምሴ አየሩን ሊያምቁ አፈሙዙን ወደ ታች ሰበር ሲያደርጉት ትንፋሼን እውጥ ነበር። ውስጡ ያለችው የቆዳ ቀለበት ስትደርቅ ከዳዊት ልባድ በተረፈ ቁራጭ ይቀይሯትና «ዷ የማይለው ለዚህ ነው፤ ዳዊት እየደገመ ነው» ይሉናል። የሚቆጡን በአንድ ነገር ብቻ ነው፦ ያለ እርሳስ ባዶውን እንዳንተኩስ። አየሩ የሚገፋው ሲያጣ ሞላው ራሱን መትቶ ይሰበራል።

ደርግ መሣሪያ አስረክቡ ባለ ሰሞን፣ አንድ ምሽት ተረቱ መሀል ላይ፣ የቀበሌው ጥበቃ ጓድ ታፈረ ጠመንጃውን እንዳነገተ ገባ። እኛ ግድግዳው ላይ ተለጠፍን።

«አያ፣ ሦስቱንም ያምጡ። ከነጥይታቸው።»

«አየር ነው የሚጎርሱት፣ ልጄ።»

«አየር የሚጎርስ ሽጉጥ አገኘሁ ብዬ ለሊቀመንበሩ ልንገር? እኔን ነው የሚያስረኝ!»

አያ ደምሴ አንዲት እርሳስ አነሱና አየት አድርገው መልሰው አስቀመጧት። አጉርሰው ቢተኩሱ ግድግዳ ይበሳል፤ ግድግዳ የበሳ ደግሞ መሣሪያ ነው። የሽማግሌውን አፈሙዝ ሰበር አደረጉ፣ ገጠሙ፣ ወደ ኩራዙ አነጣጠሩ።

«አያ፣ ባዶ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

እፍ! ኩራዙ ጠፋ። ከእፍታው ሥር ቀጭ የምትል ድምፅ ሰማሁ።

ጨለማው ውስጥ መጀመሪያ የሳቀው ጓድ ታፈረ ነበር። «መብራት ማጥፊያ ነው እንዴ! በሞቴ ይድገሙት!»

«ሽማግሌ እኮ ነው፣ ደክሞታል» አሉ፤ ድምፃቸው ቀጥኖ ነበር።

ጓድ ታፈረ ጭራሮ ከፍሙ ለኩሶ ኩራዙን አበራ፣ ጠመንጃውን ግድግዳው ላይ አስደገፈና እኛ መሀል ተቀመጠ። «ተረቱ የት ጋ ነበር የቆመው?» አለ። ሲወጣ የወሰደው ነገር ቢኖር የጅቡን ተረት ብቻ ነው።

በማግስቱ አያ ደምሴ ሽማግሌውን ሲፈቱት ሞላው ለሁለት ተሰብሯል። በጋሸና ሹፌሮች በኩል ሌላ ሞላ ማስመጣት አያቅታቸውም ነበር፤ ግን አልቀየሩትም። «ምስክርነቱን ሰጥቷል፣ ይረፍ» አሉ።

ዛሬ ሽማግሌው ሽጉጥ ከአያ ደምሴ ወርሼው እኔ ቤት ነው። «ለማይተኩስ ሽጉጥ ዘይት ታባክናለህ» ትለኛለች ባለቤቴ። እኔ ግን የቆዳ ቀለበቱን ዘይት አጠጣዋለሁ። ከተረቶቹ ግማሹን ረስቻለሁ፤ ያቺ እፍታ ግን ጆሮዬ ላይ አለች፣ ደጋግሜም አወራታለሁ። ልጆቼማ ሰምተው ሰምተው ሰልችቷቸዋል። ብቻ የከተማው መብራት ድርግም ባለ ቁጥር ከጓዳ ይጮሃሉ፦

«አባዬ፣ ተኮስከው እንዴ?»