ያልተገለጠው የባሕር አትላስ

ዐይናችሁ እያየው እጃችሁ የማይደርስበት መጽሐፍ ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል። ሰሞኑን፣ ቡራዩ በማስተምርበት ትምህርት ቤት አዲስ የመጻሕፍት ቁም ሣጥን መጣ። ከመጻሕፍቱ ቀድሞ ጓጉንቸር ተገዛለት። ደሜ ፈላ።

ሰበታ ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ አንድ እንግዳ ለትምህርት ቤታችን የጥንት የባሕር አትላሶች ሥዕል የተሰበሰበበት ትልቅ መጽሐፍ ሰጡ። ወዲያው ንብረት ክፍል ገብቶ መስታወት ባለው ቁም ሣጥን ተቆለፈበት። የሚታየው አንድ ገጽ ብቻ ነበር፤ ሰማያዊ ባሕር ላይ ብቻዋን የቆመች ደሴት፣ ዳር ዳሯ ተስሎ መሃሏ ባዶ።

ለምን ባዶ ሆነ? ላስረዳ። የዚያን ዘመን መርከበኞች ብዙ ጊዜ ደሴትን ከሩቅ ዞረው ያያሉ እንጂ አይወርዱባትም፤ ያዩትን ስለው ያላዩትን ይተዋሉ። ቀጥሎ የሚሄደው ካርታውን ይዞ ይጓዛል። ካርታው ጨው ይረጭበታል፣ በጣት ይቆሽሻል፣ ይታረማል።

እንግዳው «በሚቀጥለው ገጽ ላይ ሰው ወርዶባት መሃሏም ተስሏል» ብለው ስለነበር ጓደኛዬ ሌሊሴ እንቅልፍ አጣች። ቤተሰቦቿ በሰኔ ወደ ተጂ ሊዛወሩ ነው፤ ከዚያ በፊት ማየት አለባት።

«ኦቦ ለማ፣ አንድ ገጽ ብቻ ይግለጡልን» አለቻቸው፣ የንብረት ክፍሉን ኃላፊ።

«በዚህ ቦምቦሊኖ በነካ እጅ?»

ሮጠን ቧንቧ ላይ ታጥበን ተመለስን።

«አሁን ደግሞ እርጥብ ነው!»

«አንቱ ይግለጡት፤ እኛ እጃችንን ወደ ኋላ እናደርጋለን።»

«በእኔ ፊርማ የገባ ንብረት ነው። ቢቀደድ አንቺ ልትጠየቂልኝ ነው? ዲሲ፣ ተይው ልጄ!» አሉ፣ በኦሮምኛም በአማርኛም እየከለከሉን።

እንግዳ በመጣ ቁጥር መስታወቱ ይወለወላል፤ መጽሐፉ ግን አይነካም። ሰኔ ደረሰ። ሌሊሴ አይሱዙው ላይ ከፍራሾቹ መሃል ተቀምጣ፣ «ሲከፈት መሃሏ ምን እንዳለ ንገሪኝ!» ብላ ጮኸች።

በመስከረም ተከፈተ። ጣሪያው ክረምቱን ሙሉ ሲያፈስበት ከርሞ ገጾቹ ተጣብቀው እንደ ጡብ ደርቀዋል፤ የሻጋታው ሽታ ኮሪደሩን ሞላው። ኦቦ ለማ ሊገልጡት ሲሞክሩ ደሴቲቱ ተልጣ በጣታቸው ላይ ቀረች።

«ማንም እኮ አልነካውም!» አሉ።

ይቺን ቃል እስካሁን ይቅር አላልኳትም። መርከብ ላይ የኖሩ ካርታዎች ባሕር ተሻግረው ሲተርፉ፣ ባሕር በሌለበት ሰበታ ውሃ የበላው ከእኛ ጣት የተጠበቀው መጽሐፍ ነው። ሌሊሴ በኋላ ስትጠይቀኝ ስለ ሻጋታው ብቻ ነገርኳት።

እስቲ እናንተም በዚህ ሳምንት በሰፈራችሁ ትምህርት ቤት ጎራ በሉ። የተቆለፈ ቁም ሣጥን ካያችሁ አስከፍቱት፤ አንዱን መጽሐፍ አውጡና አጠገባችሁ ላለው ልጅ ስጡት። እጁን ታጥቦ እንደሆነ ግን አትጠይቁት።