የወርቅዬ መውጫ

ጀሞ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ወርቅዬን የማያውቅ ካለ ልብሱ ተቀዶበት የማያውቅ ሰው ብቻ ነው። ከመንገዱ ማዶ ባለችው ጠባብ ሱቋ ተቀምጣ፣ በእጅ የሚዞር የስፌት መኪናዋን እያሽከረከረች ዚፕ ትቀይራለች፣ ሱሪ ታሳጥራለች፣ የሰፈሩንም ወሬ ከክሩ ጋር አብራ ትጠመጥማለች። እግሮቿን በልጅነቷ ፖሊዮ ወስዷቸዋል። ምላሷን ግን አልነካትም፤ "እባክሽ ቶሎ በይልኝ፣ እየሮጥኩ ነው" የሚላት ደንበኛ ካለ "እኔ ሳልሮጥ እዚህ ደርሻለሁ፣ አንተን ምን ያስሮጥሃል?" ትለዋለች።

ቤቷ ግራውንድ ላይ ነው። ከበሯ እስከ ግቢው ግን ጥቂት ደረጃዎች አሉ፤ የሠራው ሰው ለምን እንደጨመራቸው እሱ ይወቅ። ወደዚህ የገቡ ሰሞን ጎረቤቶቿ አሸዋና ጠጠር ተሸክመው ከደረጃው ጎን ዘቅዘቅ ያለ መንገድ ሠሩላት። የተማሩት ራምፕ ይሉታል፤ ወርቅዬ "መውጫዬ" ነው የምትለው። በዊልቸሯ ማንንም ሳትጠራ ትወጣለች፣ ማንንም ሳትጠራ ትገባለች። እግር ላለው ሰው ይህ ቁም ነገር አይደለም። ለእሷ ግን የገዛ ራሷ እመቤት መሆን ማለት ነበር።

አንድ ዓመት ከገና በኋላ የብሎኩ ኮሚቴ የውኃ ቧንቧ ይቀየራል ብሎ መውጫዋን አፈረሰው። ቧንቧው ተቀየረ፤ መውጫው ግን የውኃ ሽታ ሆነ። "ነገ" አሏት፣ "በሚቀጥለው ሳምንት" አሏት፣ "ስብሰባ እንጥራና" አሏት። ወርቅዬ ጠዋት ጠዋት በሯ ላይ ተቀምጣ የሚያወርዳት ሰው መጠበቅ ጀመረች። የቸኮለው አንገቱን ደፍቶ ያልፋታል። ያልቸኮለው ደግሞ እንደ ጆንያ አንስቶ ያወርዳትና "ለነፍሴ ነው" ይላታል። የቱ ይበልጥ እንደሚያናድዳት መለየት አቃታት።

ከዕለታት አንድ ቀን ሱቋ ውስጥ ያለው ሬዲዮ፣ ለአካል ጉዳተኞች በነፃ ጥብቅና የሚቆም ቢሮ ሳር ቤት አካባቢ መኖሩን ነገራት። በማግስቱ ተነሣች። የሚጭናት ሚኒባስ እስኪገኝ ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች፤ ረዳቱ ሁሉ ዊልቸሯን ሲያይ ባዶ ወንበር እየታየ "ሞልቷል!" ይላል። ቢሮው ስትደርስ ሀና የምትባል ወጣት ጠበቃ ተቀበለቻት። ሀና ዓይነ ስውር ናት። ሕጉን ስልኳ ነው በጆሮዋ የሚያነብላት፤ ፍጥነቱ ለሌላ ሰው የወፍ ጫጫታ ይመስላል።

ወርቅዬ ነገሯን ስትጨርስ ሀና "እትዬ ወርቅዬ፣ እርስዎ የጠየቁት እኮ ውለታ አይደለም፤ መብትዎን ነው" አለቻት። በዚህ ዕድሜዋ እንዲህ ያላት ሰው አልነበረም። እዚያው እንባዋ መጣ፤ ሀና እንደማታያት ትዝ ብሏት ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች። ሀና ግን ጠረጴዛዋን ዳበስ ዳበስ አድርጋ ሶፍት አቀበለቻት።

ክሱ ተከፈተ፣ መጥሪያው ለኮሚቴው ደረሰ። ያን ጊዜ ሀና መከረቻት፦ "አሁን ሽማግሌ ይልካሉ። ዕርቅ ክፉ ነገር አይደለም፣ እኔም እወደዋለሁ። ግን የተስማማችሁበት ነገር ፍርድ ቤቱ መዝገብ ላይ ይስፈር። ክሱን እንዲሁ ካነሡት ተመልሰው የሚከሱበት በር ይዘጋብዎታል። ሳይደርቅ በእርጥቡ ልንገርዎት ብዬ ነው።"

"እሺ ሀናዬ" አለች ወርቅዬ። ከልቧ ነበር። ሽማግሌ እንደሚመጣ ጠብቃለች። ጋሽ ገሠሠ ይመጣሉ ብላ ግን አልጠበቀችም።

ጋሽ ገሠሠ ለወርቅዬ ማን ናቸው? ልደታ ያለው የድሮ ሰፈራቸው ሳይፈርስ በፊት የግድግዳ ጎረቤታቸው ነበሩ። አባቷ ሞቶ፣ ዘመድ ሁሉ "ሽባ ልጅ ተምራ ምን ልትሆን" ሲል፣ ዝናብ ፀሐይ ሳይሉ በጀርባቸው አዝለው ትምህርት ቤት ያደረሷት እሳቸው ናቸው። ፊደልን የለየችው በጋሽ ገሠሠ ጀርባ ነው ቢባል ውሸት አይሆንም። ሰፈሩ ፈርሶ ዕጣ አንድ ብሎክ ላይ ሲጥላቸው "አባቴን አልነጠቀኝም" ብላ አምላኳን አመስግናለች።

እንግዲህ እኚህ ሰው ናቸው በዐቢይ ጾም አንድ ቅዳሜ ማለዳ፣ ነጭ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ከኮሚቴው ሰብሳቢ ከከበበውና ከአንድ ቄስ ጋር በሯ ላይ የቆሙት።

"ይግቡ እንጂ ጋሼ፣ ይቀመጡ።"

"እሺ ሳትዪን አንቀመጥም።"

ሽማግሌ ቆሞ መቀመጥ እንዴት እንደሚጨንቅ የቀመሰው ያውቀዋል። ወርቅዬ ደግሞ ልነሣ ብትልም አትችል። የጋሽ ገሠሠ ጉልበት ሲንቀጠቀጥ እያየች ወንበር ወደ እሳቸው ገፋ አደረገችላቸው።

"ጎረቤት ከጎረቤት ፍርድ ቤት አይካሰስም፣ ልጄ" አሏት። "ዳግማ ትንሣኤ ሳይደርስ መውጫሽ ይሠራል። እኔ አለሁ።"

"እሺ ጋሼ… ግን ጠበቃዬ፣ ስምምነቱ ፍርድ ቤት ይመዝገብ ብላኛለች…"

የጋሽ ገሠሠ ፊት ጠቆረ። "ወረቀት ነው የምትዪኝ? በጀርባዬ ሳዝልሽ ካንቺ ጋር ወረቀት ተፈራርሜ ነበር?"

ቄሱ መስቀላቸውን አወጡ። ከበበው መሬት መሬቱን ያያል። ወርቅዬ መሬት ተከፍቶ ቢውጣት በወደደች። "ይቅር ለእግዚአብሔር" አለች፤ መስቀሉን ተሳለመች፤ ሽማግሌዎቹም ተቀመጡ።

በሳምንቱ ፍርድ ቤት ሄዳ ክሱን አነሣች። ከበበው ራሱ ታክሲ ጠርቶ፣ አቅፎ አሳፈራት፤ ለዚያ ቀን መኪና አልጠፋም። ሀና ነገሩን በስልክ ስትሰማ "በቃል ብቻ?" ብላ ጠየቀች።

"የጋሽ ገሠሠ ቃል ነው" አለች ወርቅዬ፣ ቆጣ ብላ።

ትንሣኤ አለፈ። ዳግማ ትንሣኤም አለፈ። ወዲያው በሰኞው የአካፋ ድምፅ ከእንቅልፏ ቀሰቀሳት። በመስኮት ብታይ አሸዋ ተራግፏል፣ ሲሚንቶ ተቆልሏል፣ ከለቡ የመጡ ሁለት ሠራተኞች ልክ መውጫዋ የነበረበትን ቦታ ይቆፍራሉ። ደስታዋን የት ታስቀምጠው! በመስኮቱ ዳቦና ሻይ አቀበለቻቸው። "ቁልቁለቱን ረጋ አድርጉት እሺ፣ ዊልቸሬ ይዞኝ እንዳይበር" አለቻቸው እየሳቀች።

ሠራተኞቹ ተያዩ። ሞልቱ የሚባለው፣ ዳቦውን ሳይቆርስ በእጁ እንደያዘ፣ "እናቴ፣ እኛ የታዘዝነው የሱቅ መሠረት ነው" አላት።

"የምን ሱቅ? የማን?"

"ሚሳኤል የሚባል አለ አይደል፣ የሽማግሌው የጋሽ ገሠሠ ልጅ? የሱ ነው። ከጾሙ በፊት ልንጀምረው ነበር፤ ክስ አለበት ብለውን ነው የቆየነው።"

ወርቅዬ መስኮቱን ዘጋች። ታዲያ ያ ሁሉ መንቀጥቀጥ፣ ያ ሁሉ "ልጄ"፣ ያ ሁሉ መስቀል ለዚህ ነበር። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል። ወርቅዬ ግን ፈረስ ላይ አልነበረችም፤ ሰው ጀርባ ላይ ነበረች። ያን ቀን ሱቋ ሳይከፈት ዋለ።

ለሀና ደወለችላት። ሀና "ብዬዎት ነበር" አላለችም፤ አለማለቷ ደግሞ የባሰ አቃጠላት። "ያ በር ተዘግቷል፣ እትዬ ወርቅዬ። ሌላ መንገድ ግን አላጣም፣ ሐሙስ ይምጡና እንነጋገር" ነበር ያለቻት።

ሐሙስ ጠዋት ወርቅዬ ለብሳ በሯ ላይ ስትወጣ የሱቁ ቆርቆሮ ግማሽ ደርሷል። ጋሽ ገሠሠ ከሠራተኞቹ አጠገብ ቆመው ነበርና ሲያዩዋት መጡ።

"ተቀይማለች አሉኝ። ሚሳኤል ሥራ ፈትቶ ስንት ጊዜው፤ እሱስ ልጄ አይደለም? ደግሞ ሰው እያለሽ ሲሚንቶ ምን ያደርግልሻል? ነይ፣ እኔ አወርድሻለሁ።"

ዞረው ጎንበስ አሉና ጀርባቸውን ሰጧት፣ ልክ እንደ ድሮው። ደረጃው ሥር ጎረቤቱ ቆሞ ያያል። ወርቅዬ ያንን ጀርባ አየችው፤ በልጅነቷ ጉንጯን ያስደገፈችበት ቦታ እንኳ አልጠፋትም። ክንዶቿ ሳታዛቸው ሊነሡ ነበር። እጥፍ አድርጋ ያዘቻቸው።

"ይነሡ፣ አቶ ገሠሠ" አለች።

እድሜ ልኳን ጋሼ ያለቻቸው ሰው ደነገጡ። እሷ ግን ከዊልቸሯ ወርዳ መሬቱ ላይ ተቀመጠች፤ መዳፎቿን ተመርኩዛ፣ በጥሩ ቀሚሷ አቧራውን እየጠረገች፣ ደረጃውን በቂጧ ወረደችው። ሞልቱ አካፋውን ጥሎ ዊልቸሯን አወረደላት፤ በራሷ ክንድ ወጥታ ተቀመጠችበት።

"ያኔ ያዘሉኝን አልክድም፤ ውለታዎ ነው" አለቻቸው እጇን እያራገፈች። "ይቺ መውጫ ግን የኔ ነበረች። ለልጅዎ የሰጡት የኔን ነው።"

"ልጄ…" አሉ ጋሽ ገሠሠ፣ አሁንም እንደጎበጡ።

ወርቅዬ አልዞረችም። ጎማውን እየገፋች የሳር ቤት ሚኒባስ ወደሚቆምበት ሄደች።