ዋናውና ቅጂው

አባቴ ሲሞት ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። ክራር ተጫዋች ነበር። ከተዝካሩ በኋላ የሥራ ጓደኛው ቀራንዮ ሰፈር ወዳለው ቤታችን መጥቶ ለእናቴ ለትርፌ አንድ ሲዲ ሰጣት። የአባቴ ዘፈኖች ነበሩበት። ከዘፈኖቹ ሌላ ደግሞ ኮምፒውተር ላይ ብቻ የሚታይ አጭር ቪዲዮ ነበረው፤ የኛ ሲዲ ማጫወቻ እሱን አያውቀውም። ቪዲዮውን ያየነው ጎረቤታችን ሰናይት ቤት ነው። አባቴ ክራሩን እየቃኘ ድንገት ቀና ይልና፣ "እየቀረጽከኝ ነው እንዴ?" ብሎ ይስቃል። በቃ፣ ያ ብቻ ነው። እናቴ ሲዲውን በሻሿ ጠቅልላ ቁምሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት። የናፍታሊን ሽታ በሸተተኝ ቁጥር ዛሬም ያ ሻሽ ትዝ ይለኛል።

አክስቴ አስካለ የአባቴ ታላቅ እህት ናት፤ የምትኖረው ጦር ኃይሎች ነው። ከእናቴ ጋር ድሮም አይተማመኑም ነበር። አንድ ቀን መጥታ፣ "ለኔም አስገልብጬ ልመልስላችሁ" አለች። እናቴ እምቢ ማለት አፍራ ሰጠቻት። ከዚያ በኋላ ግን ሲዲው እስኪመለስ ድረስ በር በተንኳኳ ቁጥር ብድግ ትል ነበር።

ተመለሰ። የላዩ ጽሑፍ ያው ነው፣ ዘፈኖቹም ጥርት ብለው ይሰማሉ። እናቴ ግን ሲዲውን ወደ መስኮቱ አዙራ አየችና፣ "የኛው ጭረት ነበረው" አለች። ወዲያው እጄን ይዛ ሰናይት ቤት ገባን። ዘፈኖቹ አሉ፣ ቪዲዮው የለም። ሰናይት አውጥታ ጠርጋ መልሳ ከተተችው፤ አሁንም የለም።

"ዋናውን አስቀርታዋለች" አለች እናቴ፣ ቀስ ብላ።

አክስቴን እወዳት ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን የምታመጣልኝን ብስኩት ሳይቀር ተጠራጠርኩት።

ቅዳሜ ጠዋት በታክሲ ጦር ኃይሎች ሄድን። እናቴ ቁጭ እንኳ ሳትል፣ "እትዬ፣ ዋናውን ይስጡኝ" አለቻት።

"የምን ዋና?"

"እያወቁ አይጠይቁኝ።"

የአክስቴ ፊት ተለዋወጠ። "የገዛ ወንድሜን ልሰርቅሽ፣ ትርፌ?" አለችና የራሷን ሲዲ አምጥታ ዘረጋችላት። እሱም አዲስ ነው፣ ጭረት የለውም። እናቴ ግን አላመነችም። "ሌላም ይኖርዎታል" አለቻት። አክስቴ ነጠላዋን ለብሳ፣ ፊት ፊት እየሄደች ሲዲ ያስገለበጠችበት ሱቅ ወሰደችን።

ባለ ሱቁ ወጣት ነገሩን ሲሰማ ምንም አልመሰለውም። "ተጭሮ ስለነበር ነዋ ሁለት አዲስ የሰጠኋቸው" አለ።

"ቪዲዮውስ?" አለች እናቴ።

"ቪዲዮ ነበረው እንዴ? እኔ ዘፈኖቹን ብቻ ነው የገለበጥኩት።"

ካርቶን እያወረደ ሲፈልግ ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ቆመው አይተያዩም ነበር። እኔ ጨንቆኝ የእናቴን ቀሚስ ጭምድድ አድርጌ ይዣለሁ። በመጨረሻ ከተበላሹ ሲዲዎች መሃል መዝዞ አወጣው። እንዲህ ያለው ሲዲ ዘፈን ዘፈኑ ተመርጦ ሳይሆን ከነቪዲዮው እንዳለ መገልበጥ እንዳለበት ነገረንና ሥራውን ጀመረ። ሲጨርስ ቅጂው ትክክል መሆኑን ሊያሳየን ከፈተው።

"እየቀረጽከኝ ነው እንዴ?" አለ አባቴ።

አክስቴ ያንን ቪዲዮ አይታው አታውቅም። የሚንቀሳቀስ ወንድሟን ከሞተ በኋላ ስታየው የመጀመሪያዋ ነበር። አፏን በነጠላዋ ያዘች፤ እናቴ ብብቷን ደግፋ በርጩማው ላይ አስቀመጠቻት። "ድገምላቸው" አለችው ልጁን። ደገመላት።

ዋናውን እናቴ፣ ቅጂውን አክስቴ ያዙ፤ ስንለያይም ተሳሳሙ። ታክሲ ውስጥ እንደገባን ግን እናቴ ሲዲውን አውጥታ ጭረቱን በጣቷ ስትፈልግ አየኋት።

ያኔ አንድ ሲዲ ለማስገልበጥ ሰው ማመን ግድ ነበር። ዛሬ ማንንም ማመን አያስፈልግም። በቅርቡ ቪዲዮውን ስልኬ ላይ አስገባሁና ለሁለቱም በአንድ ጊዜ ላክሁላቸው። እናቴ ወዲያው ደወለች። መረቀችኝ፣ አለቀሰች፣ ደግሞ መረቀችኝ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣

"ለአክስትሽ የላክሽላት ግን ከዚህ አይረዝምም?" አለችኝ።