ፌንጣ አልበላም ያለው እንሽላሊት

እንስሳ የሚጠቅመውን ያውቃል፣ ሲበቃውም ይተዋል ይባላል። አያውቅም፤ አይተውምም። ይህን የሚሉ ሰዎች ተፈጥሮን የሚያውቋት በቴሌቪዥን ነው። እኔ ደግሞ የማውቃት በመጽሐፍ ነበር፤ የባሰው ይሄ ነው። አንድ እንሽላሊት በእጄ ቀስ በቀስ ሲሽመደመድ፣ እየተንከባከብኩት ይመስለኝ ነበር።

እንሽላሊቱ የልጄ ነው። ጌኮ ይሉታል፤ ከእስክሪብቶ ትንሽ የሚረዝም፣ ቢጫ፣ ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት፣ ጅራቱ ወፍራም ነው። ቦሌ ከምንኖርበት ፎቅ ሥር ተከራይተው የነበሩ የውጭ አገር ሰዎች ወደ አገራቸው ሲመለሱ ከነመስታወት ሳጥኑ ሰጧት። ባለፈው ዓመት ክረምቱን ሐዋሳ እናቷ ጋ ልታሳልፍ ስትሄድ አደራውን ለእኔ ተወችው። ያኔ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር።

ፍሪጁ ላይ ወረቀት ለጠፈችልኝ። ፌንጣ በየሁለት ቀኑ፣ የካልሲየም ዱቄት ተነስንሶበት። የዱቄት ትል በሳምንት አንዴ፣ ከሁለት እንዳይበልጥ፤ ትሉ ስብ ነው፣ አጥንት አይሠራም። ከእጅ አይብላ፣ ራሱ አድኖ ይያዝ። መጨረሻው ላይ፣ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበት፦ «አባዬ፣ እንግዳ እንዳያጎርሰው።»

አንብቤ ሳቅሁ። በሻይና በዳቦ ላደገ ሰው ለእንሽላሊት የምግብ ዝርዝር ማንበብ ያስቃል። ሲበቃው ይተዋል አልኩ፤ ከቴሌቪዥኑ ሰው በምንም አልተሻልኩም።

ፌንጣ ደግሞ ችግር ነው። ልጄ በባልዲ ታረባቸው ነበር፤ እኔ ክዳኑን በከፈትኩ ቁጥር ግማሾቹ መጋረጃው ላይ ናቸው። ትሉ ግን ፉርሽካ ውስጥ ተኝቶ ይጠብቃል። በወረንጦ አንስቶ ማቅረብ ብቻ ነው። እንሽላሊቱ አንገቱን ያሰግጋል፣ ይነጥቃል፣ ከንፈሩን ይልሳል። ይህን አይቶ ሁለተኛ የማይሰጥ ሰው አላውቅም።

በተለይ እህቴ። ታላቄ ናት፤ ጎሮ ነው የምትኖረው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። መጀመሪያ ያየችው ቀን አማትባ በሩ ጋ ቆመች።

«ይሄ የእባብ ዘመድ ከአንተ ጋር ነው የሚያድረው?»

«እኔ ነኝ ከእሱ ጋር የማድረው። ሳጥኑ ማሞቂያ አለው።»

በሦስተኛው ቅዳሜ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ «በላ ዛሬ?» ብላ ጠየቀች። በልቷል አልኳት። «ምን በላ፣ ሆዱ ተጣብቆ!» አለችና ወረንጦውን ተቀበለችኝ። በአራተኛው ወረንጦውን ትታ በጣቷ ነበር። «በሞቴ፣ አንዴ ብቻ» ትለዋለች፤ ያነሳል። «በሞቴ፣ ይቺን ደግሞ።» ያነሳል። ልጆቿ አድገው በየፊናቸው ከሄዱ ቆይተዋል፤ ሌላው እንግዳ ደግሞ በቃኝ እያለ ያስለምናል። ይሄ ሳይለመን አፉን ይከፍታል። ፍልሰታ ሲገባ እሷ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳትቀምስ ቁጭ ብላ ታጎርሰዋለች።

«እሱ አይጾምም?» አልኳት።

«እሱ ምን ኃጢአት አለበት?»

ልጄ ማታ ማታ ትደውላለች። «ፌንጣ በላ?» በላ። «ዱቄቱንስ ነሰነስክ?» አዎ። የመጀመሪያው ሳምንት እውነት ነበር። ከዚያ በኋላም መልሱ አልተለወጠም፤ ስለለመድኩት ይቀለኝ ነበር።

በአምስተኛው ሳምንት ሕሊናዬ ወቀሰኝና ፌንጣ አስገባሁለት። አየው፣ ጀርባውን ሰጠው፣ ወደ መስታወቱ መጥቶ ጣቴን ማየት ጀመረ። ፌንጣው ጭንቅላቱ ላይ ወጥቶ ቆመ። በማግስቱም እንደዚያው። ይህም አሳቀኝ፤ ለእህቴ ስልክ ደውዬ ነገርኳት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሲራመድ የቀኝ የፊት እግሩ ከሥሩ ታጠፈ። ሊነሳ ሞከረ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ተኛ።

መገናኛ አካባቢ አንድ የእንስሳት ሐኪም አለ። ሳጥኑን ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጥ ጎንበስ ብሎ አየው።

«እኔ የማውቀው ላም፣ ዶሮና ውሻ ነው» አለኝ። «ግን አጥንት አጥንት ነው። ምን ይበላል?»

«ትል።»

«ሌላስ?»

«ትል ብቻ።»

«እንቁላል የምትጥል ዶሮ ካልሲየም ሲጎድላት እንዲህ ትሆናለች።» ጅራቱን በእስክሪብቶው ጫፍ አሳየኝ። «ስንቁ እዚህ ውስጥ ነው፤ ጥቂት ቀን ቢራብ አይሞትም። ጠብታ እሰጥዎታለሁ። ትሉን ግን ያቁሙ። ሲርበው ፌንጣውን ይበላል።»

«ካልበላስ?»

«ይበላል። እስኪበላ ድረስ ግን እርስዎ መቻል አለብዎት።»

አልቻልኩም። እህቴ ጎሮ ካለ ባዶ መሬት ከሣሩ ውስጥ ፌንጣ ለቅማ፣ በውሃ ፕላስቲክ ይዛ በታክሲ መጣች። ወያላው «እማማ፣ ምንድነው የሚንኮሻኮሸው?» ቢላት «ምሳ ነው» ብላዋለች። «የማን?» «የወንድሜ።» ታክሲው ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ እስክትወርድ በሐዘኔታ ሲያያት ነበር። ያን ሁሉ ፌንጣ ጌታው አልነካም። አምስት ቀን ታገስኩ። እሱ መስታወቱ ላይ አገጩን አስደግፎ አየኝ። በስድስተኛው ቀን አንድ ትል ሰጠሁት። የሚጠብቅ እንደሚያሸንፍ በዚያች አንድ ትል አስተማርኩት፤ ፌንጣውን ከዚያ ወዲያ ዞሮም አላየው።

ቅዳሜ እህቴ ወረንጦው ላይ የተጣበቀ ፉርሽካ አየች።

«ሰጠኸው?»

«አንዴ ብቻ።»

ሳትቆጣኝ ተቀመጠች። ቆይታ «እማዬንም እኮ እንዲህ ነው ያደረግናት» አለች። እናታችን ስኳር ነበረባት። ሐኪም ከከለከላት በኋላ እህቴ ጣፋጭ ዳቦ ደብቃ ታቀርብላት ነበር፤ እኔ አይቼ እንዳላየ አልፍ ነበር። አንዳንድ ቀን ዳቦውን የምገዛው እኔ ነበርኩ። ከዚያን ቀን በኋላ እህቴ ሳጥኑ ያለበት ክፍል መግባት ተወች።

ልጄ የመጣችው ለእንቁጣጣሽ ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። ሻንጣዋን ሳታወርድ ወደ ሳጥኑ ሄደች።

«እግሩ መቼ ነው እንዲህ የሆነው?»

«ሰሞኑን ነው።»

«አባዬ።» ዞር ብላ አላየችኝም። «በየቀኑ እጠይቅህ ነበር እኮ።»

ብትጮህብኝ እመርጥ ነበር። አንድ ትል ጨፍልቃ ፈሳሹን ፌንጣው ጀርባ ላይ ቀባች፣ ዱቄቱን ነሰነሰችበት፣ እንዳይዘል የኋላ እግሮቹን አጥፋ ሰበረች። ሳጥኑን ዙሪያውን በጋዜጣ ሸፈነችው። ለምን እንደሆነ ጠየቅኋት። «የእኛን እጅ እንዳያይ» አለች። በአራተኛው ቀን ከጋዜጣው ጀርባ ቅርጭጭ የሚል ድምፅ ሰማን። ከዚያ ቅቡን በየቀኑ ቀነሰችው። መስቀል ሲደርስ ንጹህ ፌንጣ እያሳደደ ይይዝ ነበር። ትሉ ወደ ሳምንት አንዴ ተመለሰ። እግሩ ግን አልተመለሰም፤ ዛሬም ፌንጣ ሲያሳድድ ወደ ቀኝ ያነክሳል።

ዘንድሮም ሐዋሳ ሄዳለች። ከመሄዷ አንድ ወር በፊት አዲስ ባልዲ ገዛሁ፣ ክዳኑ ጥብቅ የሆነ። ፌንጣ ማርባት ተማርኩ። ዱቄቱንም አዘጋጅቼ ጠበቅኋት። ባልዲውን አይታ ፈገግ አለች።

«አይ አባዬ፣ አንተ አትቸገር» አለችኝ፣ ለሩቅ ዘመድ በሚነገር ትሕትና። የክፍል ጓደኛዋ ቤት ልታደርሰው ሳጥኑን እቅፏ ላይ አድርጋ መኪና ውስጥ ገባች። ባልዲውን ተሸክሜ ያወረድኩላት እኔ ነኝ። በሩን ከመዝጋቷ በፊት አደራ የሚባል ነገር እንድትነግረኝ ቆሜ ጠበቅሁ። አበባ ውሃ አጠጣ እንኳ አላለችኝም።

ወረቀቱ አሁንም ፍሪጁ ላይ አለ። በቃሌ ይዤዋለሁ፤ የሚጠይቀኝ የለም እንጂ። ስለዚህ እናንተን አንድ ነገር ልጠይቅ፦ አታጉርሱ የተባላችሁትን አታጉርሱ። እጃችሁን ሰብስቡ።